አሸዋውን ማን አደረቀው?

(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከማኅበሩ የሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ተራ ሲደርስ ግማሻችሁ ወደ ቡናው እንደምትነሡ ከዓመት ዓመት አይተናል፤ አንቀየምም። የዘንድሮው የገቢና የወጪ ሪፖርት በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ጥያቄያችሁን ከምሳ በኋላ እንመልሳለን። አሁን የምንነግራችሁ ባለፈው ጥቅምት ልጆቻችንን ይዘን ስለሄድንበት የትሮሊ ሙዚየም ነው። ጉብኝቱን ያወጣነው ለልጆቹ መዝናኛ ብለን ነበር። ስንመለስ ግን በራሳችን መዝገብ ላይ ያለ አንድ ስሕተት ይዘን ተመለስን። ስሕተቱ የሒሳብ ክፍሉ ስለሆነ ፊታችሁ ቆመን መናገር ያለብንም እኛው ነን።

ሙዚየሙ ናሽናል ካፒታል ትሮሊ ሙዚየም ይባላል። ያለው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ኮልስቪል ውስጥ በቦኒፋንት መንገድ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ለሥራ ስንመላለስ ለዓመታት በአጠገቡ አልፈናል፤ ምልክቱን እያየን የልጆች መጫወቻ ይሆናል ብለን ትተነዋል። ስምንት እናቶች፣ ዘጠኝ ልጆችና ሁለት አያቶች፣ በድምሩ አሥራ ዘጠኝ ሆነን፣ ዳቦና ሻይ ይዘን አንድ ቅዳሜ ሄድን። ዳቦው ከመኪና ሳንወርድ አለቀ።

ትሮሊ ማለት በከተማ መንገድ ላይ በተነጠፈ ሐዲድ ሰው የሚያመላልስ ባቡር ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር የቅርብ ዘመዱ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እየቆጠርን መሆኑን ልብ በሉልን። ዋሽንግተን ውስጥ የመጀመሪያው በ1862 በፈረስ እየተጎተተ ጀመረ፤ በኋላ ኤሌክትሪክ መጣ፤ የመጨረሻው ጉዞ የተደረገው በጃንዋሪ 28 ቀን 1962 ነው። መቶ ዓመት ማለት ነው። ባቡሩ ያልፍባቸው የነበሩትን መንገዶች ስም ስናይ እርስ በርሳችን ተያየን፤ ዩ ስትሪት፣ 14ኛው ጎዳና፣ ጆርጂያ አቬኑ። እዚህ አገር እንደመጣን ሥራ ያገኘንባቸው ምግብ ቤቶች፣ እስከ ዛሬም እንጀራና በርበሬ የምንገዛባቸው ሱቆች ያሉባቸው መንገዶች ናቸው። በዚያ መንገድ ባቡር ይሄድ እንደነበር አንዳችንም አናውቅም ነበር። ማየት የምትፈልጉ ጆርጅታውን ሂዱ፤ በኦ እና በፒ ጎዳናዎች ላይ ሐዲዱ አሁንም ይታያል።

እንግዲህ ይህን ሙዚየም የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያን ቀን ትኬት የሚሰጡንን፣ ባቡሩን የሚነዱትን፣ ስለ እያንዳንዱ ፉርጎ የሚያስረዱንን ስናይ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ አዛውንት ይመስላሉ። አንዷ ልጃችን ሾፌሩን በእንግሊዝኛ ፊት ለፊት «ስንት ይከፍሉሃል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እኛ አፈርን። ሰውየው ሳቁና «ምንም» አሏት። ልጅቷ አላመነችም፤ ወደ እኛ ዞራ «ታዲያ ለምን ይመጣል?» አለች። እዚያ ቆመን መልስ አላገኘንላትም። እኛም እኮ በየሳምንቱ የምንሠራው ያንኑ ነው፤ ግን ለልጅ ማስረዳት ሲመጣ ቃሉ ጠፋን።

የሙዚየሙ ማኅበር የተመሠረተው በ1959 ነው፤ ባቡሩ ገና ከመንገድ ሳይወጣ፣ ሊጠፋ እንደሆነ ሲታወቅ ማለት ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ1969 ነው። አሥር ዓመት! እንደ ሒሳብ ሰው ስናስበው ይህ ቁጥር ያስደነግጣል፤ አሥር ዓመት ሙሉ ለጎብኚ የሚከፈት በር ሳይኖራቸው ወጪና ድካም ብቻ ነበር። በሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 ደግሞ አንዱ የባቡር ማቆሚያ ቤት ተቃጠለና ስምንት ፉርጎዎች ዐመድ ሆኑ። ፉርጎ እንደ መኪና ወጥተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም፤ የተቃጠለው ተቃጠለ። ቀጥሎ መንግሥት ትልቁን መንገድ ሊያወጣ ቦታቸውን ፈለገው። ሙዚየሙ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለት እንደገና የተከፈተው በ2010 ነው። ያ መንገድ ዛሬ ሁላችን ቶል እየከፈልን የምንሄድበት 200 ቁጥር ነው። ከእኛ መካከል በየቀኑ ሁለት ጊዜ የምትመላለስበት እህት «እኔ የምሄደው በእነሱ ግቢ ላይ ነው እንዴ?» ብላ ቁጭ አለች።

ስለ ባቡሩ አሠራር ከሰማነው ሁሉ አንድ ነገር አእምሯችን ውስጥ ቀርቷል። በመሀል ዋሽንግተን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመንገድ በላይ እንዳይንጠለጠል ኮንግረስ ከልክሎ ነበር፤ የከተማውን መልክ ያበላሻል ብሎ። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ከመሬት በታች ቀበሩት። ባቡሩ ከሆዱ ሥር የሚወጣ መያዣ በጠባብ ስንጥቅ አስገብቶ ኃይሉን ከዚያ ይወስዳል። መያዣውን «ማረሻ» ይሉታል፤ ስሙ ለእኛ አልከበደንም። ወደ ከተማው ዳር ሲወጣ ግን ሽቦ ይፈቀዳል። እዚያ ሲደርስ ባቡሩ ከአንድ ጉድጓድ በላይ ይቆማል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ማረሻውን ይፈታል፤ ከላይ ዘንጉ ተነሥቶ ሽቦውን ይነካል፤ ጉዞ ይቀጥላል። ወደ መሀል ከተማ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ይገጥማል። በዝናብም በበረዶም እንዲሁ ነው። ከላይ ጋዜጣ እያነበበ የሚሄደው ተሳፋሪ ከወንበሩ ሥር ሰው እንዳለ ላያውቅ ይችላል።

ያችው ልጅ ሴቶች ይነዱ እንደነበር ጠይቃን ስለነበር ቤት ገብተን አነበብን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወንዶቹ ሲዘምቱ ኩባንያው ሴቶችን ሾፌር አድርጎ ቀጥሯል፤ ነጮቹን ሴቶች። ጥቁር ሾፌር፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ አልቀጥርም ብሎ እስከ 1955 ቆየ። ከዚያ በፊትማ መሳፈሩም ጠብ ነበር። ሶጆርነር ትሩዝ በ1865 እዚህ ዋሽንግተን ነጻ የወጡ ሰዎች በሚታከሙበት ሆስፒታል ታገለግል ነበር፤ ጥቁሮችን ከባቡር ማስወረድ በሕግ ከተከለከለ በኋላ አንድ ትኬት ቆራጭ ገፍትሮ ትከሻዋን ጎዳት። ዝም አላለችም፤ ከሳ አሳሠረችው። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ነግረናቸዋል፤ ቤታችሁም ንገሩልን።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። የተሳፈርንበት ፉርጎ ከካናዳ ከቶሮንቶ የመጣ ነው። ልጆቹን ያስገረማቸው መሪ የሌለው መሆኑ ነው። ሐዲዱ ራሱ ስለሚመራው የሾፌሩ ሥራ በእግር ነው፤ አንዱ ፔዳል ያስኬዳል፣ ሌላው ያቆማል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሾፌሩ ድንገት ቢታመም ወይም እንቅልፍ ቢጥለው፣ እግሩ ሲነሣ ባቡሩን የሚያስቆም ነው። አንዱ ልጅ «የእማዬ መኪና ለምን ይህ የለውም?» አለ። እናቱ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ ጠዋት የምትነዳ ናት፤ ዝም አለች።

ሐዲዱ የሚሄደው በጫካ ውስጥ ነው። ጥቅምት ስለነበር ቅጠሉ ረግፎ ሐዲዱ ላይ ተነጥፏል። ሾፌሩ ቀስ እያሉ ምክንያቱን አስረዱን። እርጥብ ቅጠል በብረት ጎማ ሲፈጭ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ አይቆነጥጥም፤ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል። ለዚህ ብሎ ባቡሩ አሸዋ ይዞ ይሄዳል። ሾፌሩ ሲፈልግ አሸዋው በቱቦ ከጎማው ፊት ሐዲዱ ላይ ይፈስሳል። አንዷ እህታችን ለአያቶቹ እየተረጎመች ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ መጣ።

«አሸዋው ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ ቱቦውን ይደፍነዋል።»

የተናገሩት አንዲት እናታችን ናቸው። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለጠየቁን እናታችን እያልን እንቀጥላለን፤ አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ባቡሩ ሲቆም ሾፌሩ ምን እንዳሉ ጠየቁ፤ ተረጎምንላቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ዞሩና ይህን ከየት እንዳወቁ ጠየቋቸው። እናታችን በእንግሊዝኛ፣ ባላቸው ያህል፣ «አባቴ። ድሬዳዋ። ምድር ባቡር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ የእሳቸው ሆነ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1917 ፈጀ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በባቡሩ ነው፤ ትልቁ የጥገና ጋራዥም እዚያ ነበር። እናታችን ያደጉት ከዚራ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው ምሳ በዘንቢል ይዘው ለአባታቸው ጋራዡ በር ድረስ ይወስዱ ነበር። የአባታቸው ሥራ አሸዋ ነው። አሸዋውን ይነፋሉ፣ በጋለ ላሜራ ላይ ዘርግተው እያገላበጡ ያደርቃሉ፣ በከረጢት ሞልተው ለባቡሩ ያስረክባሉ። በድሬዳዋ ፀሐይ፣ ከሥር እሳት እየነደደ፣ ቀኑን ሙሉ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሾፌሩን ነው» አሉን። «ባቡሩ ሲገባ ሾፌሩን ከበው ሰላም ይሉታል። አባቴን ማን ያውቀዋል? እሱ ግን ማታ ማታ ካሬ ደብተር አውጥቶ ስንት ከረጢት እንዳደረቀ ይጽፍ ነበር። ጻፍ ያለው የለም።»

ሾፌሩ ተራቸውን ጨርሰው ሲወርዱ በር አጠገብ ካለ ወረቀት ላይ ስማቸውንና ሰዓታቸውን ጻፉ። እኛ ልብ አላልነውም። እናታችን ግን ቆመው አዩና «እነዚህም ይጽፋሉ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ሌላውን የነገሩን ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። እናታችን ለሰባት ዓመት የኩላሊት እጥበት ያለባቸውን አባሎቻችንን በመኪናቸው ሲያመላልሱ ነበር። እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ ሁለቱን ቀን እሳቸው ይወስዳሉ፣ ሦስተኛውን ሌሎች ይከፋፈሉታል። አምና ግን በድንገት ተዉ። እኛ ዕድሜ ነው፣ ጉልበት ነው ብለን ተቀበልን፤ ቤታቸው ሄዶ የጠየቀ የለም። እሳቸው ከተዉ በኋላ አንዷ ታማሚያችን በታክሲ ስትሄድ ከረመች፤ ሌላዋ መኪና አጥታ ሁለት ቀጠሮ አለፋት። ሁለት ቀጠሮ ለኩላሊት ታማሚ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ያላችሁ ነርሶች ታውቃላችሁ። ተርፋለች፤ ዛሬም እዚህ አለች። ግን ሆስፒታል ገብታ ነው የወጣችው።

የተዉበት ምክንያት የአምናው ሪፖርት ነው። ያን ሪፖርት ያዘጋጀነው እኛ ነን። ገጽ 4 ላይ ለማኅበሩ የሰጡ ለጋሾች ስም ከነመጠኑ ተዘርዝሯል፤ ሃያ አምስት ዶላር የሰጠች እህት ስሟ አለ፤ መኖሩም ተገቢ ነው። ገጽ 6 ላይ ደግሞ «ማኅበሩ ለታመሙ አባላት የመጓጓዣ አገልግሎት ሰጥቷል» ይላል፤ ከጎኑ ወጪ የሚል ዓምድ አለ፤ እዚያ ላይ የጻፍነው ዜሮ ነው።

በሒሳብ ዜሮው ትክክል ነው፤ ከካዝናችን የወጣ ሳንቲም የለምና። እንዲያውም ወጪ እንዳላበዛን ለለጋሾች ስናሳይ ኮርተንበት ነበር። እናታችን ግን ያን ገጽ ቤታቸው ቁጭ ብለው አነበቡት። «ማኅበሩ ሰጠ አላችሁ። ማኅበሩ መንጃ ፈቃድ አለው እንዴ?» አሉን። ቀጥለውም «ገንዘብ አልፈለግሁም። ዜሮ ግን አይደለሁም» አሉ። መኪናው ውስጥ ያለነው አራታችን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ አልተናገርንም።

በማግስቱ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ በጨዋታ መካከልም ከቁም ሳጥን ካሬ ደብተር አወጡ። እንደ አባታቸው። ቀኑ፣ የመኪናው ኪሎሜትር መቁጠሪያ ሲነሡና ሲመለሱ ያሳየው ቁጥር፣ የወሰዱት ሰው የስሙ መነሻ ፊደል። ለማንም ለማቅረብ ብለው አልያዙትም። ፈቅደውልን የአንዱን ዓመት ደመርን። 96 ቀን ወጥተዋል። በአንድ ቀን መውሰድ፣ መጠበቅና መመለሱ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ 384 ሰዓት ሆነ። በቀን 22 ማይል፣ በድምሩ 2,112 ማይል ነድተዋል። የዚህ አገር የግብር ሕግ ለበጎ አድራጎት ሥራ ለተነዳ ማይል የሚፈቅደው 14 ሳንቲም ብቻ ነው፤ በብዙ ዓመታት አልተለወጠም። በዚያ እንኳ ቢሰላ 295 ዶላር ከ68 ሳንቲም ነው። የሰባት ዓመቱን እናንተው አስቡት።

የሙያችንን ነገር ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን፤ ስሕተቱ ከምን እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። በዚህ አገር የሒሳብ አያያዝ ደንብ የበጎ ፈቃድ ሥራ እንደ ገቢ የሚመዘገበው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛው ሥራው ንብረት ሲፈጥር ወይም ሲያሻሽል ነው። ሁለተኛው ልዩ ሙያ የሚጠይቅ ሆኖ፣ ሙያው ያላት ሰው ስትሠራው፣ እሷ ባትሰጠው ኖሮ ድርጅቱ በገንዘብ የሚገዛው ሲሆን ነው። ጠበቃ በነጻ ቢቆምልን ይመዘገባል። ታማሚ ማመላለስ፣ ሐኪም ቤት ማስተርጎም፣ ለስብሰባ ምግብ መሥራት ግን በአብዛኛው አይገባም። ትልልቅ ድርጅቶች ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚሞሉት ቅጽ 990 የመጀመሪያ ገጹ ላይ የበጎ ፈቃደኞች ብዛት የሚል መስመር አለው፤ እኛ የምንሞላው አጭሩ ቅጽ እሱም የለውም። ስለዚህ ደንቡ አልጠየቀንም፣ እኛም አልጻፍንም። ነገር ግን ለአባላትና ለለጋሾች የምናወጣው ሪፖርት የራሳችን ነው፤ እዚያ ላይ ምን እንደምንጽፍ የከለከለን የለም። ያን ማሰብ ነበረብን፤ አላሰብነውም።

ይህን ሐሳብ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ስናቀርብ ሁሉም አልተስማማም፤ ተቃውሞውን ደብቀን ማለፍ አንፈልግም። አንዲት እናታችን «ጎረቤቷን ያስታመመችበትን ሰዓት ቆጥራ የምትጽፍ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት?» ብለው ተቆጡ። ለእግዜር የተሠራ ሥራ ለሰው ሲነገር ዋጋው ይጠፋል ያሉም አሉ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ያደግንበት ነው። እኛም አንዷ ስታገለግል ውላ «ይህን ያህል ሠራሁ» ብትል ደስ አይለንም።

ሆኖም እድራችንን አስቡት። በእድር ስም ይጠራል፤ የቀረችው ትጻፋለች፣ ትቀጣለች። ዕቁባችንም እስከ ሳንቲሙ በመዝገብ ነው። መቅረትን ስንጽፍ አላፈርንም፤ መገኘትን መጻፍ ላይ ስንደርስ ነው ያፈርነው። ደግሞስ ሁላችን ማን ለቅሶ ላይ ስንት ቀን እንደተቀመጠ፣ ማን ባዶ እጇን እንደመጣች በልባችን እንይዝ የለም? የማይጻፈው ነገር በልብ ይጻፋል፤ በልብ ሲጻፍ ደግሞ ከደብተር ይልቅ ይዛባል።

ከብዙ ክርክር በኋላ ድንበሩን እንዲህ አሰመርነው። ጉርብትና አይጻፍም። ለቅሶ መቀመጥ፣ አራስ መጠየቅ፣ ወጥ ሠርቶ መውሰድ የየራሳችን ነው፤ ማኅበሩም በሪፖርቱ የእኔ ነው አይበለው። ማኅበሩ «ሠራሁ» ብሎ ለለጋሽ የሚጽፈው ሥራ ግን የሠራችው ሰው ሰዓት አብሮ ይጻፍ። ስሟ እንዲወጣ የማትፈልግ «አንዲት አባል» ተብሎ ይገባል። በሰዓቱ ላይ ዋጋ አንለጥፍም። በዚህ አገር የአንድ በጎ ፈቃደኛ ሰዓት ግምት ይህን ያህል ነው ብሎ በየዓመቱ የሚያወጣ ድርጅት አለ፤ ቁጥሩ አሁን ከ30 ዶላር በላይ ሆኗል፤ አንዳንድ ለጋሾችም የራሳችሁ ድርሻ የታለ ሲሉ ይቀበሉታል። ማመልከቻው ከጠየቀን እዚያ ላይ እንጠቀምበታለን። በእኛ ሪፖርት ላይ ግን ሰዓቱ ሰዓት ሆኖ ይቀመጥ። የእናታችንን ጠዋት በዶላር አባዝተን ብናቀርብላቸው እንደገና ሊቀየሙን ይችላሉ፤ እውነትም አላቸው።

ለጋሾቻችንም እንዳታዝኑብን። ገጽ 4 አይነካም። ከእሱ ቀጥሎ አንድ ገጽ ይጨመራል፤ የሰጣችሁት ገንዘብ በማን እጅ ሥራ እንደሆነ ታዩበታላችሁ።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የአምናው ሪፖርት ገጽ 6 ላይ ያለው ዜሮ እንዲታረም ነው፤ ከጎኑ 384 ሰዓት፣ አንዲት አባል፣ ተብሎ ይጻፍና እርማቱ በመጽሔታችን ይውጣ። የሌሎቹን ሰዓት ከራሳቸው እየጠየቅን ነው፤ አብዛኞቹ አያስታውሱም፤ ያስታወሱትን ብቻ እንጽፋለን፣ አንገምትም። ሁለተኛው፣ ከዛሬ ጀምሮ የሰዓት መዝገብ እንዲኖረን ነው። ድምፅ የምትሰጡት ከምሳ በፊት ነው።

ማመላለሱን በተመለከተ፣ አሁን አምስት እህቶች ተከፋፍለው ይዘውታል፤ ማንም ብቻዋን ሁለት ቀን አትይዝም። እናታችን ተመልሰዋል፤ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ በቀን ብርሃን ብቻ፤ ማታ ዓይናቸው እንደ ድሮው አያይም። ሙዚየሙንም በሚቀጥለው ፀደይ እንደገና ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ ለሾፌሩ የአባታቸውን ፎቶ ሊያሳዩአቸው ነው። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን ለእኛ ስጡ።

መዝገቡን ገዝተን፣ ቀን፣ ስም፣ የሥራ ዓይነት፣ ሰዓት ብለን አራት ዓምድ አስምረን ባለፈው ሳምንት አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡትና «የሥራ ዓይነት የሚለው ጠበበ፤ እዚህ ውስጥ ምን ይጻፋል? 'ወሰደች' ብቻ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሌላ ደብተር ገዝተን ያን ዓምድ ሁለት እጥፍ አሰፋነው። በሩ አጠገብ፣ ከስኳሩ ጎን ያለው ሰማያዊው እሱ ነው።